የአክስቴ ጀሪካንና የሃዋይ ከሰል

ከዳንግላ እንጅባራ በሚኒባስ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። እኛ ግን ጧት ተነስተን ለምሳ አልደረስንም። ጥፋቱ የመንገዱም የሾፌሩም አይደለም፤ የጀሪካን ነው። ዳንግላን ተሻግራችሁ የማታውቁ፣ ለመሻገርም ሐሳብ የሌላችሁ የክፍሌ ልጆች «እንጅባራ እንዴት ነበር?» እያላችሁ በየተራ ጠይቃችሁኝ አንዳችሁም መልሱን እስከ መጨረሻው ስላላዳመጣችሁ፣ ይኸው ጽፌዋለሁ። ጽሑፍ ደስ የሚለው መሐል ገብቶ የሚያቋርጥ ሰው ስለሌለበት ነው።

የሄድሁበትን ታውቃላችሁ። የዞኑ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በታሪክ የንግግር ውድድር ነበረባቸው፤ ከእኛ ትምህርት ቤት የተመረጥሁት እኔ ነኝ። በዕጣ የደረሰኝ ርእስ «አሜሪካ ከባሕር ማዶ አገር መያዝ የጀመረችበት ምክንያትና የግዛቷ መስፋፋት» የሚል ነው። አባቴ «ብቻሽን አትሄጂም» አለና እህቱ፣ አክስቴ ብርቄ፣ ይዛኝ እንድትሄድ ተወሰነ። አክስቴ ነጋዴ ናት። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ የፕላስቲክ ጫማ እየያዘች በየገበያው ትዞራለች። «አንቺን ላድርስሽ፣ እግረ መንገዴንም ገበያዬን ልይ» አለች። እኔን ልታደርስ ጀሪካን ያዘች ወይስ ጀሪካን ልታደርስ እኔን ያዘች፣ እስካሁን አልገባኝም።

የመጀመሪያው ቀን

መናኸሪያ ላይ ረዳቱ የአክስቴን ጭነት ሲያይ ራሱን ያዘ።

«እናቴ፣ ይኼ ሁሉ ባዶ ጀሪካን ነው?»

«ባዶ ነው። ውስጡ ያለው አየር ነው፤ አየር ደግሞ አይከብድም።»

«አይከብድም፤ ግን ይበርራል።»

«አንተ ብቻ አጥብቀህ እሰር!»

ሲያስር አየሁት። እኔ የጫማዬን ክር ከዚያ አጥብቄ አስራለሁ።

ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ በብብቴ የያዝሁት ጥቅል ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ካርታ ነው። በአቡጀዴ ላይ ራሴ የሣልሁት የዓለም ካርታ፤ ውቅያኖሱን ሰማያዊ መቀባቱ ብቻ ሁለት ቅዳሜ በልቶብኛል።

«አሜሪካ ባሕር ተሻግራ የያዘቻቸውን ደሴቶች የማሳይበት ነው፣ አባባ።»

«አሜሪካ» የምትለዋ ቃል ከአፌ እንደ ወጣች ሚኒባሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

«ዲቪ ደረሰሽ?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«ኧረ አልደረሰኝም። ስለ አሜሪካ ንግግር ላደርግ ነው የምሄደው።»

«ቃለ መጠይቁ እንጅባራ ሆነ እንዴ?»

በስመ አብ! ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ ተነሣሁ። «አንደኛው ምክንያት» አልሁ፣ «አሜሪካኖች የነባሩን ሕዝብ መሬት እየወሰዱ ወደ ምዕራብ ሲሰፍሩ ኖሩ። ያ መሬት ተይዞ ሲያልቅ ዓይናቸው ባሕሩን አሻግሮ ማየት ጀመረ።»

«መሬት ካለቀባቸው ዲቪውን ለምን ይሰጣሉ?» አሉ ሽማግሌው። መኪናው ሁሉ «እውነታቸውን ነው» አለ።

«ሁለተኛው፣ ፋብሪካዎቻቸው አገር ውስጥ ከሚሸጠው በላይ አመረቱ። ሌላ ገበያ አስፈለጋቸው።»

«ታዲያ ምን ያድርጉ?» አለች አክስቴ። «ዕቃ ታቅፎ ይቀመጣል?»

«ሦስተኛው ምክንያት...»

ጣሪያው ላይ ዷ! የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቢጫ ጀሪካን በአስፋልት ላይ ቁልቁል ሲንከባለል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደወል የተደወለለት የአንደኛ ክፍል ልጅ ነው የሚመስል፤ አንዱ አንዱን እየቀደመ ይጋፋል። ሾፌሩ ይራገማል፤ ረዳቱ «ብያለሁ! ይበርራል ብያለሁ!» እያለ ይሮጣል። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ «ሙሌ፣ የታችኛውን ያዢ!» ትለኛለች። የታችኛው የትኛው ነው? ሁሉም ወደ ታች ነው የሚሄደው!

ያዳነን ከአዲስ ቅዳም በኩል ይመጣ የነበረ አንድ ፈረሰኛ ነው። ጉዳዩ ወዲያው ገባውና ፈረሱን አዙሮ ሽምጥ ጋለበ፤ ቀደማቸውና መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሣ በገመድ አንጠልጥሎ እስኪያመጣልን ድረስ ፈረሱ ጆሮውን ቀስሮ ጀሪካኖቹን በጥርጣሬ ያያቸው ነበር። «የማን ከብት ነው እንዲህ የሚበረግግ?» አለ እየሳቀ። ምስጋናችንን እንኳ ሳይጨርስልን ሄደ። ዳንግላ ቢሆን ቢያንስ ሁለቱ ለእረኝነቱ ይቀሩ ነበር። አትቆጡ፣ የራሴን ከተማ ነው ያማሁት።

እንጅባራ፣ ትልልቆቹ አሁንም ኮሶበር የሚሏት፣ በብርድ ተቀበለችን። በታኅሣሥ እኛ ዘንድ ቀን ቀን ነጠላ ይበቃል፤ እዚያ ፀሐይዋ ራሷ ጋቢ የለበሰች ትመስላለች። ሁለት ባጃጅ ያዝን። አንዱ ለጀሪካኑ፣ አንዱ ለእኛ። ቀድሞ የሄደው የጀሪካኑ ነው።

ያረፍነው ወይዘሮ ጥሩ ቤት ነው። እትዬ ጥሩ የአክስቴ አበልጅ ናቸው፤ ልጃቸውን ስመኝን ክርስትና ያነሣቻት አክስቴ ናት። ባላቸው ካረፉ ወዲህ እናትና ልጅ ብቻቸውን ይኖራሉ። እርስ በርሳቸው በአገውኛ ያወራሉ፤ ለእኛ ሲሆን ወደ አማርኛ ይዞራሉ። ገና ሳንቀመጥ ለብ ያለ ውሃ አምጥተው እግራችንን አስታጠቡን። አልጋቸውን ለአክስቴ ለቀው እሳቸው መሬት አነጠፉ። ጾም ስለሆነ ድንች በአዋዜ ቀረበ። ከዚያ የድንች ወጥ ቀረበ። ከዚያ «ምንም አልቀመሳችሁም» ተባልንና ድንች ተጨመረ። እኛ ቤት ድንች ከሌላ ነገር ጋር የሚገባ እንግዳ ነው፤ እዚያ ግን ባለቤት ነው።

የእኔ መኝታ በፊተኛው ክፍል ሆነ። ክፍሉ በሩ ወደ ዋናው መንገድ ይከፈታል። ግን ምን መኝታ አለ! ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የአክስቴ ዕቃ ነው። ባልዲ በባልዲ ላይ፣ ጫማ በጆንያ፣ ጀሪካን እስከ ኮርኒሱ።

«ይኼ ሁሉ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋት ስመኝን።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አለች በሹክሹክታ። «መጀመሪያ አንድ ጆንያ ነበር። ‹እስከሚመጣው ገበያ አደራ› አለች። ከዚያ ሁለት ሆነ። ባለፈው ሰኔ ደግሞ ሌባ እንዳይገባ ብላ የራሷን ቁልፍ አንጠለጠለችበት። ቁልፉ ዳንግላ ነው የሚያድር። እኛ ይህን ክፍል የምናየው እሷ ስትመጣ ነው።»

«እናትሽ ምን ይላሉ?»

«እናቴማ ሻይ ቤት ልትከፍትበት ነበር የምትፈልግ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ልጆቹ በዚህ በር ነው የሚያልፉ። ጧት በብርድ ሻይና ዳቦ ብታቀርብ... አሁን ግን ከማዶ ያለችው ሴትዮ ልትከፍት ነው አሉ። ተማሪ አንዴ ከለመደ አለቀ።»

«ታዲያ ለምን ለአክስቴ አይነግሯትም?»

ስመኝ ከሌላ አገር የመጣሁ ይመስል አየችኝ። «አደራ ነዋ! አንቺ አበልጅሽን ‹ዕቃሽን አንሺ› ትያታለሽ?»

አልልም። ማንም አይልም። የሰው አደራ አስቀምጦ «አንሱልኝ» ያለ ሰው እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል እናንተም ታውቃላችሁ።

ይኼ አልበቃ ብሎ አክስቴ ከእራት በኋላ እጇን እየታጠበች «አበልጄ፣ ነገ ገበያ እንደዋልሁ አናጢ አመጣለሁ» አለች። «ይለካና መመለሻችን ቀን ጧት መደርደሪያ ይመታልኛል፤ ዙሪያውን። ለአንቺም እኮ ነው። ቤትሽ ይደምቃል፣ ሰው ያለበት ቤት ይመስላል።»

እትዬ ጥሩ ድስቱን ሳቡ። ድንች ጨመሩልን።

ሁለተኛው ቀን

ጧት ካርታዬን ብፈልገው የለም። ቤቱን ገለበጥሁት። በኋላ ስመኝ ይዛኝ ገበያ ወረደች። ምን አየሁ? አክስቴ ካርታዬን መሬት ላይ ዘርግታ ጫማ ደርድራበታለች! አፍሪካ ላይ የሕፃናት፣ ፓስፊክ ላይ የሴቶች፣ አውሮፓ ላይ ራሷ ተቀምጣለች።

«አክስቴ!»

«ምን ትጮሂያለሽ? ጫማውን ጭቃ ላይ ልደርድረው?»

«ነገ የማቀርብበት ካርታ እኮ ነው!»

«ጨርቅ ነው። ይታጠባል። ዞር በይ፣ ገበያ አትዝጊብኝ።»

አንድ ገዢ «ያንን ሰማያዊው ላይ ያለውን አሳይኝ» አላት። ሰማያዊው! የሁለት ቅዳሜዬ ሰማያዊ! አለቀስሁ ልበላችሁ? አላለቀስሁም፤ ግን አንድም የጫማ ጥንድ ላነሣላት አልፈቀድሁም።

ካርታውን ከሰዓት በኋላ ነው ያስመለስሁት፤ ፓስፊክ በጭቃ ተሞልቷል። እትዬ ጥሩ ሲያዩኝ ምንም ሳይጠይቁ ተቀበሉኝ። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በእርጥብ ጨርቅ ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ቀስ እያሉ ጭቃውን ያነሡ ጀመር። ቀለሜን ሳይነኩ። ውቅያኖሱ መሐል ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይች ነጠብጣብ ቆሻሻ ናት ወይስ አገር?»

«አገር ናት እትዬ። ሃዋይ ናት።»

«ይች?»

«ከዚያም ያነሱ ይዘዋል። መጀመሪያ አካባቢማ የያዙት ሰው የሌለባቸውን ደሴቶች ነው፣ ለወፍ ኩስ ብለው። የባሕር ወፍ ኩስ ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል። ዜጋችን ያገኘው ደሴት የእኛ ይሁን የሚል ሕግ አወጡ።»

«ለኩስ?» እትዬ ጥሩ ሳቃቸው መጣ። ለስመኝ በአገውኛ ነገሯት፤ እሷም ፍርስ አለች። «የእኔ ዶሮዎች እንግዲያው አገር ያስይዙኛል በይኛ!»

ከተነሣሁ ጀምሮ የሰማኝ ሰው ይኼ የመጀመሪያው ነው። እንዳያመልጠኝ ብዬ ሦስተኛውን ምክንያት ጀመርሁ። «መርከቦቻቸው የሚሄዱት በድንጋይ ከሰል ነው። ውቅያኖሱ ሰፊ ስለሆነ መንገድ ላይ ከሰል የሚያስቀምጡበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። የሃዋይን ንጉሥ ‹ከሰላችንን የምናስቀምጥበት፣ መርከባችንን የምንጠግንበት ወደብ ፍቀድልን› አሉት። ፈቀደላቸው።»

የእትዬ ጥሩ እጅ ቆመ።

«ለማስቀመጥ ብቻ?»

«ለማስቀመጥ ብቻ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ንጉሡ ሞተና እህቱ ነገሠች። እዚያው የሰፈሩ የሸንኮራ እርሻ ባለቤቶችና ነጋዴዎች ከዙፋኗ አወረዷት፤ የአሜሪካ ወታደሮችም ከመርከብ ወርደው ቆመውላቸው ነበር። ደም እንዳይፈስ ብላ ለቀቀች። ከጥቂት ዓመት በኋላ አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቅልላ ያዘች።»

«ዝም ብላ?»

«ዝምስ አላለችም። አቤት ብላለች፣ ጽፋለች። ግን ከረፈደ ነው።»

«ከረፈደ» አሉ ቀስ ብለው።

በፊተኛው ክፍል አክስቴና አናጢው እየለኩ ነበር። «ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ!» ትላለች አክስቴ። «መስኮቱስ?» ይላል አናጢው። «መስኮቱን ምን ያደርግላታል? ድፈነው!»

እትዬ ጥሩ ካርታውን አጣጥፈው ሰጡኝ። አራተኛውን ምክንያት ሳልነግራቸው እራት ሊያቀርቡ ተነሡ። እራቱ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። እሺ፤ ድንች ነው።

ሦስተኛው ቀን

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ቢሆንም ይበርዳል። የዳንግላ አዳራሽ ሲሞላ ሰው ይታፈናል፤ እዚያ ሰው ሲተነፍስ ጭስ ይወጣል። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ፊተኛው ወንበር ላይ ከእትዬ ጥሩና ከስመኝ ጋር ተቀምጣለች። ለሚያልፍ ሁሉ «የእኔ ናት፣ የወንድሜ ልጅ» ትላለች። ከእኔ በፊት የወጣው ልጅ የፈረንሳይን አብዮት እንደ ዳዊት በቃሉ ወረደው።

ተራዬ ደረሰ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው አልሁ። ጣሪያው አልወደቀም። አራተኛውን ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ተናገርሁት፤ «‹ለእነሱው ብለን ነው፣ እናሠለጥናቸዋለን› ማለታቸው ነው» አልሁ። ኩባን ከስፔን ነፃ እናወጣለን ብለው እንደ ገቡ፣ ስፔን ስትሸነፍ ፖርቶ ሪኮንና ጓምን እንደ ያዙ፣ ከስፔን ጋር ሲዋጉ የኖሩት ፊሊፒኖችም ነፃ ወጣን ሲሉ ከአሜሪካ ጋር ሌላ ጦርነት እንደ ገጠማቸው፣ የፓናማ ቦይ እንዴት እንደ ተቆፈረ፣ ሁሉንም በካርታዬ ላይ አሳየሁ። ፓስፊክ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ንጹሕ ነው።

የጥያቄ ጊዜ ሲደርስ ከኋላ አንድ ልጅ ተነሣ። «እነዚያ ሃዋዮች መጀመሪያውኑ ለምን እምቢ አላሉም? ሞኞች ነበሩ?» አዳራሹ ሳቀ።

ይኼ በመጽሐፋችን የለም። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሲያቃጥለኝ የሰነበተው ሁሉ አንገቴ ላይ ደረሰ።

«ሞኞች አይደሉም!» አልሁ። «አንተ ቤት ዘመድ መጥቶ ‹ይችን ዕቃ አስቀምጥልኝ› ቢልህ እምቢ ትላለህ? መጀመሪያ አንድ ጆንያ ነው፤ እስከሚመጣው ገበያ ይልሃል። ከዚያ ሁለት ይሆናል። ከዚያ ቁልፍ ይንጠለጠልበታል፤ ቁልፉም ሌላ ከተማ ያድራል። ከዚያ ግድግዳህ ይለካል፣ መስኮትህ ይደፈናል። ያን ሁሉ ሲያደርግ ‹ለአንተው ብዬ ነው› ይልሃል። እስቲ በየትኛው ቀን ነው እምቢ የምትለው? ንገረኝ!»

ልጁ ተቀመጠ። ጭብጨባው ሲጀምር ነው የነቃሁት። ጆንያ? ቁልፍ? ሃዋይ ውስጥ ምን ጆንያ አለ! ፊተኛውን ወንበር አየሁ። ስመኝ አፏን በእጇ ይዛለች። እትዬ ጥሩ መሬት መሬት ያያሉ። አክስቴ እኔን እኔን ታያለች።

ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣው የፈረንሳይ አብዮት ነው። ይሁን።

አክስቴ እስከ እራት ቻለችው። ምግቡ ሲቀርብ ግን ፈነዳች።

«እኔን አሜሪካ አደረግሽኝ?»

«ስምሽን አልጠራሁም፣ አክስቴ።»

«ሰው ፊት ያልጠራሽው ስሜን ብቻ ነው!» ወደ እትዬ ጥሩ ዞረች። «እስቲ አንቺ ፍረጅ፣ አበልጄ። አስቸግሬሻለሁ?»

የዚህን ጥያቄ መልስ እኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። «ኧረ ምን ሲደረግ!» ነው። ቤቱ በሰው ዕቃ እየፈረሰ ያለ ሰው እንኳ «ኧረ ምን ሲደረግ» ይላል። አክስቴም ጠብቃዋለች፤ ጉርሻዋን ይዛ ትጠብቃለች።

እትዬ ጥሩ እሳቱን አዩት። ስመኝን አዩዋት።

«ይብሉ» አሉ፣ «ይበርዳል።»

ብቻ። አክስቴ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች።

አራተኛው ቀን

ጧት ተነሥቼ አክስቴ የፊተኛውን ክፍል መልሳ ስትቆልፍ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ። እትዬ ጥሩ ሁለት ጎረቤት ጠርተዋል፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ባልቴት። ቁርሱ በጾም ከሚሠራው ሁሉ የተመረጠ ነው። የተልባ ፍትፍት፣ የሽምብራ ዓሣ፣ ድንች ደግሞ ለወጉ ያህል በጥግ። አክስቴን አብልተው፣ አጠጥተው፣ እጇን አስታጥበው ሲጨርሱ ብድግ ብለው ፊቷ ቆሙ።

«አበልጄ፣ ቁልፉን ይክፈቱና አደራዎን ቆጥረው ይረከቡኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ። አይጥ አልነካው፣ ጠብታ አልነካው። ሰው ሟች ነው። የሰው አደራ ይዤ መሞት አልፈልግም።»

አንሱልኝ አላሉም። ሥፍራ ጠበበኝ አላሉም። ሽማግሌው «ደግ ብላለች፤ አደራን በሰላም መመለስ የተቀባዩ ክብር ነው» አሉ። ባልቴቷም «የባለቤቱም ክብር ነው፣ ሳያስለምን ሲረከብ» አሉ። አክስቴ ከአንገቷ ላይ ቁልፉን አወጣች።

እኛ ዕቃ ስናወጣ፣ ስመኝም የሻይ ቤቱን ሐሳብ ለአክስቴ ሹክ ስትላት፣ አናጢው ጣውላውን ተሸክሞ ደረሰ። «የቱ ጋ ነው የምመታው?» አለ። አክስቴ በባዶው ክፍል መሐል ቆማ ዙሪያውን አየችው። ባዶ ሆኖ አይታው አታውቅ ይሆናል።

«መደርደሪያውን ተወው» አለች በመጨረሻ። «አግዳሚ ወንበር ሥራበት። ለክርስትና ልጄ ነው፣ ከእኔ።» ከዚያ ደግሞ አልቻለችም፤ «ከፍ አታድርገው፣ ተማሪ እግሩ ይንጠለጠላል! እዚያ ጋ ደግሞ ምድጃ...»

«ምድጃውን እኔ አውቅበታለሁ፣ አበልጄ» አሉ እትዬ ጥሩ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ ግን አሉት።

ሲሸኙን አቅፈው ሳሙኝና አንድ ነገር በጆንያ አሸከሙኝ። ሳልከፍተው አውቄዋለሁ። ለእናቴ ነው አሉኝ፤ እስካሁን እየበላነው ነው።

የሁለት ዓመት ዕቃ አንድ ሚኒባስ ላይ ሲጫን እንዴት እንደሚሆን አስቡት። ጣሪያው ሞልቶ የተረፈው ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ባልዲ ታቅፌ፣ እግሬን ድንች ላይ አድርጌ፣ አንድ ጀሪካን ጀርባዬን እየወጋኝ ተቀመጥሁ። አክስቴ ከጎኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች አዲስ ቅዳምን አለፍን። ጀሪካኖቻችን ያመለጡበት ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ተጣራች።

«ሙሌ።»

«አቤት አክስቴ።»

«ያች ፊሊፒንስ ያልሻት አገር፣ አሜሪካ ከስንት ዓመት በኋላ ነው የለቀቀቻት?»

«ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ።»

«ያችንስ፣ ነጠብጣቧን?»

«ሃዋይን? እሷንማ አልለቀቀችም።»

ጀሪካኑን ከጀርባዬ ስባ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ በሁለት ዓመት ለቀቅሁ» አለች። «መቼም መጻፍሽ አይቀርም፤ ይኼንንም ጻፊው።»